አባቷ መርቆ ሸኛት

ስለ እህቴ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ብዙ አይደለም። ጋዜጣ ላይ የወጣ አለ፣ የሸክላዋ ሽፋን ላይ የታተመ አለ፣ አንድ ደግሞ በቅርቡ የወጣ ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ በዚያ ዘመን ስማቸው የገነነ ሴቶችን ሕይወት እንደ አዲስ መርምሬ ጻፍኩ የሚል። የጻፈችው ልጅ ጎበዝ ናት፣ አልጠላኋትም። ግን እህቴ ያለችበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ምን አገኘሁ? የልጃቸውን ተሰጥኦ የተረዱት አባቷ መርቀው ወደ አዲስ አበባ ሸኟት ይላል። ይኸው! ያው እንደ ድሮው! መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ፣ ግቢ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ እንደገና ከፈትኩት። መስመሩ እዚያው ነው።

እኔ ስናደድ መቀመጥ አልችልም። ሳልናደድም ቢሆን ብዙ አልችልም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብድግ እያልኩ ልንገራችሁ።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወረድ ብሎ ነበር፣ ወደ ወንዙ። ከተማ አልኩ እንጂ ያኔ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሱቆችና ጠጅ ቤቶች ነበሩ፤ ከደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ መኪና ሁሉ ሙቀቱ ደርሶበት እዚያ ይቆማል። ሾፌሮቹ በካናቴራ ወርደው ውሃ ይደፉበታል፣ እኛ ልጆች ቆመን እናያለን። አባቴ የአካባቢው ጭቃ ሹም ነበር። ግብር ያስከፍላል፣ ድንበር የተጋፉ ሰዎችን ይዳኛል፣ ሰው ፊት ያለውን ቃል በምንም አይመልስም። ቢሳሳት እንኳ አይመልስም። ይህን ጠባዩን እንደ ትልቅ ነገር ነበር የሚኮራበት፣ የምንከፍልበት ግን እኛ ነበርን።

እህቴ የኔ ታላቅ ናት። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይመጣል፤ ያኔ ልጆች ሁሉ በእርሻው መሃል በተሠራ የእንጨት ማማ ላይ ወጥተን፣ ከጠዋት እስከ ማታ በወንጭፍና በጩኸት ስናባርር እንውላለን። ሌላው «ሃሽ! ሃሽ!» እያለ ጉሮሮውን ይልጣል። እሷ ትዘፍናለች። ወፎቹ ለዘፈኗ ይሸሹላት እንደሆነ እንጃ፣ መንገደኛ ግን ይቆም ነበር። አህያ የሚነዱ ነጋዴዎች ጥላ ያዝን ብለው ከማማው ሥር ይቀመጣሉ፣ ጥላው ሲዞር እንኳ አይነሱም። እኔ በጎረቤት ማማ ላይ ሆኜ በቅናት እበግናለሁ። ሰው ሁሉ እሷን ይሰማል፣ ወፉ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል።

ከዚያ ዳሯት። ወደ ማጀቴ ከተማ በኩል ለሚኖር ባለ ብዙ ከብት ሰው ነበር የተሰጠችው። ሁለት ጊዜ ሸሽታ መጣች፤ ሁለት ጊዜ አባቴ በሽማግሌ አስይዞ መለሳት። በሁለተኛው ጊዜ ጀርባዋን ለእናቴ ስታሳይ አይቻለሁ። እኔን ከቤት አስወጥተውኝ ነበር፣ ግን መች እወጣለሁ፤ ጓዳው ግድግዳ ላይ ጭቃው በረገፈበት አጮልቄ አየሁ። ያየሁትን አልናገርም። እናቴ ቅቤ ቀባቻትና አቀፈቻት። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጥተው ወሰዷት፣ እኔም ለብዙ ቀን እህል አልበላ አለኝ።

በዚያው ዓመት ጠፋች። ገበያ እንደወጣች አልተመለሰችም። ወሬው ከገበያተኛው ቀድሞ ቤታችን ደረሰ፦ «የጭቃ ሹሙ ልጅ ከሾፌር ጋር ጠፋች!» የባሏ ዘመዶች መጥተው ጮኹ። አባቴ የሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ምእመኑ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይበተን ቆመና፣ «ያቺ ልጅ ደጄን ከረገጠች እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» ብሎ ማለ። ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ወደ ላይ ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ላይ ምንም የለም። ያን ጊዜ እናቴን ጠላኋት። እንዴት አንድ ቃል አትናገርም? ምን ዓይነት እናት ናት? እያልኩ ስንት ዘመን ተቃጠልኩ።

ከተማው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅና ላምባ የሚሸጡ አንድ ሼኽ ነበሩ፤ አያት ቅድመ አያታቸው ይፋት ውስጥ ሲነግዱ የኖሩ። ሱቃቸው መደርደሪያ ላይ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ ራዲዮ አለ። እህቴ ከጠፋች በኋላ ዓመታት አልፈው አንድ ቀን እናቴ ላምባ ልትገዛ ገብታ፣ ራዲዮኑ ይዘፍናል። ሼኹ ቀስ ብለው፣ «እትዬ፣ ይህን ድምፅ አያውቁትም?» አሏት። እናቴ የላምባውን ጠርሙስ ጥላ ሰበረችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘፈን ዝግጅት ባለበት ጊዜ ሼኹ ሰው ይልካሉ፦ «ለእትዬ ጨው መጥቷል በልልኝ።» እናቴ ነጠላዋን ደርባ ብድግ ትላለች። ሱቁ ውስጥ ቆማ ጨርቅ የምትመርጥ መስላ፣ ጀርባዋን ለራዲዮኑ ሰጥታ ትሰማለች፤ ሲያልቅ ጨው ገዝታ ትመለሳለች። ቤታችን በጨው ተሞላ። አባቴ፣ «ይቺ ሴትዮ ምን ልትሆን ነው? የአፋር ነጋዴ ልትሆን ነው እንዴ?» አለ። እኔ ሳቄን አፍኜ ሮጥኩ።

እህቴ ስሟ ገነነ። የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገባች፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት ዘፈነች፣ ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በእኛ ሰፈር ግን ያው ከሾፌር ጋር የጠፋችው ናት። በሚያልፉ ሾፌሮች በኩል ለእናቴ ቃል ትልካለች፦ «ልምጣ ወይ?» እናቴም በዚያው መንገድ ትመልሳለች፦ «ቆይ፤ አባትሽ ገና ነው።» አንድ ቀን ከሱቅ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና፣ «አንድ ጊዜ ደጄ ላይ ቆማ ባየኋት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ግን የምትለምን ሳይሆን የምትጮህ እናት ነበር የምፈልገው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። አባቴ በሬዎቹን ሊያይ ወጥቷል። እናቴ ከፈተች፣ እኔም ከኋላዋ ተንጠራርቼ አየሁ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጎናቸው ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አሉ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ከኋላቸው ጥቁር ኮት የለበሰ፣ አንገቱን የደፋ የከተማ ሰው። በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከቄስ ጋር የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ነው። የሞተበት ሰው ገና ከመኝታው ሲነሳ፣ ወደ ሥራ ሳይበተን፣ በሽማግሌ ይረዳል።

ደግሞ አንዳቸውም አይናገሩም! ቄሱ ሽማግሌውን ያያሉ፣ ሽማግሌው እንግዳውን ያያል፣ እንግዳው መሬት መሬት ያያል። መጨረሻ ላይ የነፍስ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፤ ስለ ልጅሽ…» አሉ።

አለቀ። ሌላውን ማን ሰማው! «ልጄን! ልጄን!» ብላ እናቴ ደረቷን እየደቃች ግቢ ወጣች። እኔም ጮኽኩ። ጎረቤት ሁሉ የያዘውን ጥሎ ደረሰ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በትራቸውን ይዘው። እንዴት ሞተች፣ መቼ ሞተች ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በለቅሶ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ነው የሚጠየቀው። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ቆዩ! ቆዩ እንጂ!» ይላሉ። ሰው የሚያጽናኑ መስሎት «እህህ» ብሎ ይብስበታል።

ቆይቶ እንደሰማነው፣ ያ ጥቁር ኮት የለበሰው ሰው የራዲዮ ሰው ነበር። የታወቁ ዘፋኞችን የሕይወት ታሪክ የሚያቀርብ ዝግጅት አለው፤ የእህቴን ወላጆች ሊያነጋግር ማታውን በአውቶብስ ደረሰ። ጨዋ ልጅ ነውና ዝም ብዬ ሰው ቤት አልገባም ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጠየቀ። የነፍስ አባታችንም «ገበሬ ቤት ከረፈደ ሰው አይገኝም፤ ሲነጋጋ እኔው እወስድሃለሁ» አሉት፣ ለክብሩ ደግሞ ሽማግሌ ጨመሩለት። ይኸው ነው። ክፋት የለበትም።

ግን ሰውየው ራሱ እናቴ ስትጮህ ደነገጠ። ከትናንት ወዲያ ደህና የነበረች ሴት! ማታ በስልክ ተነግሯቸው ይሆናል፣ ለካ ሽማግሌዎቹ አብረውኝ የመጡት ለዚህ ነው ብሎ አሰበ። ኮቱ እጅጌ ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ጀመር። የነፍስ አባታችን ደግሞ እሱ ሲያለቅስ አይተው፣ ለካ ደብቆን ነው እንጂ ነገሩስ እውነት ነው ብለው እሳቸውም እንባቸውን አወረዱ። ከዚያ በኋላ ማን ይገላግለን! የሚያውቀው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው።

አባቴ መጣ። ነገሩት። አላለቀሰም፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አድርጎ ከአጥሩ ጋ ቆመ። ከወንዶቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «አስከሬኑስ? እዚሁ ነው የሚያርፈው?» አለው። አባቴ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ «እዚህ አይመጣም። ምያለሁ» አለ።

እናቴ ሰማችው። ሙሾ የሚያወርዱት ሴቶች መሃል ገባች፤ እናቴ ሙሾ ስታወጣ ሰምተን አናውቅም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እንዲህ አለች፦

ሾፌር ወሰዳት ብለው ስምሽን ሲያጠፉ፣
እኔ ነኝ የሸኘሁሽ፣ እጆቼ ይርገፉ።

ከባልሽ ዱላ ነጥቄ ያሳፈርኩሽ እኔ፣
ስትታሚ ዝም ያልኩኝ ፈርቼ ለጎኔ።

አልኮበለለች ልጄ፣ አልሄደችም ጠፍታ፣
እናቷ ናት ያሳፈረቻት በጠዋት ተነስታ።

ተቀባዮቹ ሴቶች የመጀመሪያውን ተቀበሉ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ሦስተኛውን የሚቀበል ጠፋ። እናቴ ግን አላቆመችም፤ ሙሾውን ትታ ወደ አባቴ ዞረች።

«ይስሙኝ! እኔ ነኝ! በገበያ ቀን እጇን ይዤ መንገድ ድረስ ወስጄ፣ እህል በጫነ መኪና ጆንያ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ! ሾፌር ሾፌር ይላሉ፤ ሾፌሩ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ነበር! ሼኹን ለምኜ፣ እሳቸው ሾፌሩን ለምነው፣ አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ጋ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ለዱላ መለሷት፤ ሦስተኛውን አልመልስም አልኩ። አሁን ሞታለች። ከእንግዲህ ምን ያደርጉኛል?»

እኔ በቆምኩበት ደረቅሁ። ስንት ዘመን የጠላኋት እናቴ ይቺ ናት? ይህን ሁሉ ይዛ ነው ጨው ስትገዛ የከረመችው? ሮጬ እግሯ ላይ መውደቅ ፈለግሁ፣ መጮህ ፈለግሁ፣ የት እንደምገባ አጣሁ። ለቅሶው ቀጥ ብሏል። ሁሉም አባቴን ያያል፣ አባቴ ከጋቢው ውስጥ አይታይም። ያ ዝምታ አንገበገበኝና መቆም አቃተኝ፤ በቀጥታ ወደ እንግዳው ሄድኩ።

«ምን ሆና ነው የሞተችው?» አልኩት። «ታማ ነበር?»

እንግዳው ዓይኑን ጠረገ። «እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ! ከትናንት ወዲያ እኮ ሻይ አብረን ጠጥተናል። ለእናንተ መቼ ተነገራችሁ?»

«ለእኛ? እርስዎ አይደሉ እንዴ ያረዱን?»

«እኔ?» አፉን ከፍቶ አየኝ። «እኔማ ለራዲዮ ላነጋግራችሁ ነው የመጣሁት!»

«አልሞተችም!» ብዬ ጮኽኩ። «እናንተ ሰዎች፣ አልሞተችም!»

ያበድኩ መሰላቸው። «ያዟት! ያዟት! ውሃ አምጡ!» ብለው ሁለት ጠንካራ ሴቶች ክንዴን ጠመዘዙት። «ልቀቁኝ! ሰውየውን ጠይቁት!» እያልኩ እንፈራገጣለሁ። የነፍስ አባታችን እንግዳውን ወደ ጎን ወስደው ሲነጋገሩ፣ ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ሳቅ አመለጣቸው። «በስመ አብ! ልጅቷ እውነቷን ነው፤ የሞተ ሰው የለም!» አሉ።

አቤት የዚያን ጊዜ የሆነው! እልልታው ቀለጠ። ነጠላውን የሚያስተካክል፣ የሚሳሳቅ፣ የሚተቃቀፍ። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ሴት ፊቷን የነጨችበትን እያሻሸች፣ «ይህን ፊቴን ማን ይመልስልኝ? እናንተ ሰዎች ስትሞቱ እንኳ በቅጡ አትሞቱም!» ብላ ሁሉን አሳቀች። እናቴ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ሳቁ ቀነሰ። የተነገረው ነገር ትዝ አላቸው። ልጅቷ አልሞተችም፤ እናትዬው ግን ሁሉን ተናግራለች።

አባቴ ጋቢውን ከፊቱ ገለጠና፣ አንድም ሰው ሳያይ ቤት ገባ። በትር ሊያመጣ ነው ብዬ እናቴ ፊት ቆምኩ። ሽማግሌዎቹም ሊገላግሉ ጠጋ ጠጋ አሉ። ወጣ። የክብረ በዓል በርኖሱን ለብሷል። «ወንበር አምጡ» አለ። አመጡ። ተቀመጠና እንግዳውን ጠራው።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ለማነጋገር ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ያ ሳጥንህ ይሠራል?»

እንግዳው የድምፅ መቅጃውን ፈታ፣ ክሩ መዞር ጀመረ። ሰው ሁሉ ሊያይ ተጠጋ። አባቴ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮው ለደነቆረ ሰው እንደሚነገር ጮክ ብሎ፣ «ልጄን ተሰጥኦዋን ያወቅሁት ገና ከማማ ላይ ሆና ስትዘፍን ነው» አለ። «ይህች ልጅ ለገበሬ ሚስትነት አልተፈጠረችም አልኩ። አዲስ አበባ ሂጂ፣ ስምሽ ይጠራ ብዬ መርቄ የሸኘኋት እኔ ነኝ።»

ይህ ሁሉ ሕዝብ አሁን፣ እንባው ሳይደርቅ፣ እናቴን ሰምቷል። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን እንደ አዲስ ዕቃ ይመረምራሉ። «ውሸት ነው!» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ጭኔን ይዛ ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ለሳምንት አልለቀቀኝም።

እንግዳው ግን ሙሾውን ሰምቷል። ማይኩን ይዞ ወደ እናቴ መጣና ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ እርስዎስ? ቅድም ያሉትን እስቲ ይድገሙልኝ» አላት። ዓይኑ ይለምናል። እኔም በልቤ በይው፣ በይው፣ በይው እላለሁ። ላይደገም የመጣ ዕድል ነው፣ አገር ሁሉ ሊሰማሽ ነው!

እናቴ ማይኩን አየችው። አባቴን አየችው።

«እሳቸው እንዳሉት ነው» አለች። «እሳቸው ናቸው የመረቋት። አሁንም ልጄ ትምጣ እያሉ ነው፤ ደጃቸው ክፍት ነው።» ከዚያ የእንግዳውን እጅ ከነማይኩ ይዛ ወደ አባቴ አዞረችው። «አይደል? ይንገሩት እንጂ።»

ክሩ ይዞራል። ሰፈሩ ሁሉ፣ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዩታል። መርቆ የሸኛትን ልጅ እንዴት ደጁን ይከለክላታል? ግንባሩ ላይ ላቡ ሲወርድ አየሁ።

«አዎ» አለ መጨረሻ ላይ። «ትምጣ። ደጄ ክፍት ነው።»

እንግዳው ከሄደ በኋላ እናቴን ጓዳ ውስጥ ያዝኳት። ንዴቴ እንባ ሆኖ ይወርዳል። «ምን ነካሽ? ያንቺን ሥራ ለእሱ ሰጠሽው! አገሩ ሁሉ አሁን እሱን ነው የሚያመሰግነው!»

እናቴ ማሽላ መንፋቷን አላቋረጠችም። «ያመስግነው» አለች። «ምስጋናው ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ልጄን ነው።»

ዝግጅቱ በራዲዮ ሲተላለፍ የሼኹ ሱቅ ከነበረንዳው ሞላ። አባቴ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጠው። ድምፁ ከራዲዮኑ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፣ እሱም ጢሙን ዳበሰ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ፦ «እሳቸው ናቸው የመረቋት።» ሼኹ ሥራ የያዙ መስለው ጨርቅ ያጥፋሉ፤ ሾፌሩን የለመኑት እሳቸው ናቸውና። እኔ ስወጣ በር ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ አላህ ያያል፤ አንቺ ዝም በይ» አሉኝ። ዝም ማለት ለኔ ቀላል መስሏቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ታሪኩን ጠጅ ቤት ይናገረው ጀመር። በተናገረው ቁጥር ትንሽ ይጨመርበታል፤ ኋላ ላይ እስከ መኪናው ድረስ ዕቃዋን የተሸከመላት እሱ ሆነ። የሚገርማችሁ ሙሾውን የሰሙት ሰዎች ራሳቸው «እውነት ነው!» እያሉ ያዳምጡታል። እኔ ብድግ ብዬ እወጣለሁ።

መጣች። ከአውቶብስ ስትወርድ መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ የከተማ ጫማ፣ የከተማ አካሄድ። ሕዝቡ እልል እያለ አጅቦ አመጣት። አባቴ በርኖሱን ለብሶ ደጁ ላይ ቆሟል። ራዲዮኑን እሷም ሰምታለች፤ ምን ትለው ይሆን ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። እሷ እንኳ ትናገር! አሁን ስሟ የገነነ ሰው ናት፣ ማንንም አትፈራም፣ ፊት ለፊቱ ትንገረው! አጠገቡ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «አባባ፣ ምርቃትዎ ደርሶልኛል» አለች።

ከዚያ ከኋላው የቆመችውን እናቴን አየቻት። እናቴ አንገቷ ሥር ገብታ እንደ ሕፃን ጠረኗን ትስበዋለች፣ እህቴ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ለረጅም ጊዜ ሊላቀቁ አልቻሉም። ሴቶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። እኔ አሁንም ሳስበው ያስለቅሰኛል።

በግብዣው ላይ ቤቱ ሞልቶ ሳለ አባቴ፣ «እስቲ ልጄ፣ እንዴት እንደመረቅሁሽ ንገሪያቸው» አለ። እህቴ ነገረቻቸው። አቤት አነጋገር! የት እንደቆመ፣ እንዴት ግንባሯን «እንትፍ እንትፍ» ብሎ እንደመረቃት፣ መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ እንዴት እጁን እያወዛወዘ እንደቀረ። አንድ ቃል እውነት የለበትም፤ እንግዶቹ ግን እንባቸው መጣ። አባቴም እንባው መጣ፤ የምሬን ነው፣ ያመነው ይመስለኛል። እናቴ በእንግዶቹ መሃል ወጥ እያወጣች ትዘዋወራለች። ከዚያ በኋላም ጋዜጠኛ በጠየቃት ቁጥር እህቴ ይህንኑ አለች፣ አንድም ጊዜ አልሳተችም።

ስትመለስ ሻንጣዋን ይዤ አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋት። ዝም ብዬ ልሸኛት አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ሲሳፈር እጇን ያዝኩና፣ «አንጀትሽን አያሳርረውም? እናታችን ያደረገችውን አፍሽን ከፍተሽ ለእሱ ስትሰጪ አያምሽም?» አልኳት።

እህቴ ጫማዋ ላይ ያለውን አቧራ አየች። «ያመኛል» አለች። «ግን ለፋሲካም መምጣት እፈልጋለሁ።»